በአንድ ካርድ ለስምንት ሰው አታስይዝ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ስምንት ጓደኛሞች ነን። ከዲሲ ተነስተን በሜይ ወይ ኒውዮርክ ቤዝፔጅ ብላክ ወይ ኖርዝ ካሮላይና ፓይንኸርስት ሄደን ጎልፍ ልንጫወት አስበናል። እኔ በካርዴ አስይዛለሁ፣ በኋላ እንተሳሰባለን። የቱ ይሻላል?» ነው ያልከው። የቱ እንደሚሻል እነግርሃለሁ። ግን «በኋላ እንተሳሰባለን» የምትለዋን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔም ልክ እንደዛ ብዬ ነበር የጀመርኩት።

1. ቀብድ ከመክፈልህ በፊት የሁሉንም ብር ሰብስብ። «አለሁበት» ያለ ሁሉ አይሄድም። የሚሄደው ዜል ያደረገ (በስልኩ ከባንኩ ብሩን የላከ) ሰው ነው።

በ2022 እኛም ስምንት ነበርን። የሄድንበትን ቦታ ስም አልጠራም፤ አንተ ከጠየቅካቸው ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ሆቴሉም ጎልፉም አንድ ላይ የሆነበት፣ በየዓመቱ ጥሩ ደረጃ የሚሰጠው ቦታ ነው። ሦስት ሌሊት፣ አራት ዙር፣ ለአንድ ሰው 1,150 ዶላር። ቀብዱን በጃንዋሪ ከፈልኩ። የቀረው ደግሞ ጉዞው 45 ቀን ሲቀረው ከካርዴ ላይ ራሱ ተቆረጠ። ማንንም አልጠየቅኩም። የልጅነት ጓደኞቼ ናቸው፣ እንዴት ብዬ «ብር አምጡ» እላለሁ? ይሉኝታ ያዘኝ።

ሦስት ሳምንት ሲቀረን አንዱ ደወለ። እናቱ ቪዛ አግኝተው ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። ስንት ዓመት የጠበቃቸው እናት ናቸው፤ በዚህ ማን ይቀየማል? ሁለተኛው ነርስ ነው፣ ሺፍት ተቀየረበት። ሦስተኛው ስልክ ማንሳት አቆመ። የሦስት ሰው 3,450 ዶላር በእኔ ካርድ ላይ ቀረ።

የቦታው ቢሮ ደወልኩ። ከአንዱ ወደ ሌላው እያስተላለፉ አራት ሰው አነጋገረኝ። የመጨረሻዋ ሴትዮ ሳታስጨርሰኝ «ውሉ የስምንት ሰው ነው። አምስት ሆናችሁ ብትመጡም የምንቆጥራችሁ ስምንት ነው» አለችኝ። ቀኑን ማዛወር ይቻላል ወይ? አይቻልም። ከፊሉን ለሚቀጥለው ዓመት ማስቀመጥስ? አይቻልም። አመሰግናለሁ እንኳን ሳልል ስልኩ ተዘጋ።

አሁን ደግሞ የሚያንገበግበኝን ስማ። ከጉዞው ተመልሼ ውሉን እንደገና ሳነብ አራተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር አገኘሁ። ጉዞው ሰባት ቀን እስኪቀረው ድረስ የተጓዥ ስም መቀየር ይቻላል ይላል። ሦስት ሳምንት ነበረኝ! በዚህ ከተማ ጎልፍ የሚጫወት ሐበሻ እንደ አሸዋ ነው፤ በሁለት ቀን ሦስት ሰው አገኝ ነበር። ሴትዮዋ አልነገረችኝም። እኔም «ሰው መተካት እችላለሁ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ቀኑንና ብሩን ብቻ ነበር የጠየቅኩት። ስለዚህ ውሉን እስከ መጨረሻው መስመር አንብብ። መጀመሪያ የምትጠይቀውም ስም መቀየር መቻሉን ይሁን።

ብሩስ ይሁን። ስልክ ማንሳት ካቆመው ልጅ ጋር እስከ ዛሬ አንነጋገርም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንተያያለን፣ አንገታችንን ደፍተን እንተላለፋለን። እናቱ የመጡለት ግን ለእንቁጣጣሽ ቤቴ መጥቶ በፖስታ 600 ዶላር አስቀመጠ። አልወስድም አልኩ፣ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። ከስምንታችን ያለ ጠያቂ የከፈለ እሱ ብቻ ነው።

ከዛው ቦታ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክር ባይሆንም። አምስታችን ሻንጣና የጎልፍ ቦርሳ ይዘን እንግዳ መቀበያው ጋ ስንደርስ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ አየንና «ሹፌሮች በጎን በር ነው» አለን። ከመካከላችን አንዱ በእውነትም 18 ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። መታወቂያውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አዎ ሹፌር ነኝ። እዚህ የመጣሁት ግን ልጫወት ነው፤ ክፍሌን ስጠኝ» አለው፣ ድምፁን ሳያሰማ። ልጁ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ቁልፉን ገፋልን። እኔ ጎልፍ የተማርኩት ዲሲ ውስጥ ላንግስተን ነው። በ1939 ለጥቁር ጎልፈኞች ተብሎ የተከፈተ ሜዳ ነው። እዚያ ያስተማሩኝ ሽማግሌዎች በወጣትነታቸው የትኛው በር እንደተዘጋባቸው ነግረውኛል። ያን ቀን እነሱን አሰብኩ። በማግስቱ ያ ታክሲ ነጂ ጓደኛችን 81 መታ፤ ጎልፍ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚሻለው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ነው የተጫወተው።

2. እቁብ ጀምሩ። የምሬን ነው። ከዚያ ጉዞ በኋላ ታክሲ ነጂው «እናቶቻችን ቤት የሠሩበትን ነገር እኛ ለጎልፍ ማድረግ አቃተን?» አለን። እሱን ዳኛ አደረግነው። ከኦክቶበር ጀምሮ በወር 100 ዶላር፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ። ዕጣ የለውም፣ ሁሉም ለጉዞው ይጠራቀማል። ሕጉ አንድ ነው፦ የሚቀር ሰው ዋስ ያመጣል። ዋስ ማለት በእሱ ቦታ የሚሄድ ሰው ነው። ዋስ ካላመጣ ብሩ ለጉዞው ይውላል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ፈረምን። ስለዚህ ብር የሚጠይቀው እቁቡ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ይሉኝታው እዚያ ላይ አለቀ።

3. ቤዝፔጅ። አራት ሆነን በ2023 ጁላይ ሄድን። አምስት ለጎልፍ የማይመች ቁጥር ነው፣ ወይ አራት ወይ ስምንት ሁኑ። ሎንግ አይላንድ ላይ ነው፤ ከዲሲ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ነው፣ ኒውዮርክ መግቢያ ላይ ከተጨናነቀ ከዚያም በላይ። የኒውዮርክ ግዛት ፓርክ ነው፣ የግል ክለብ አይደለም። ታይገር ዉድስ በ2002 ዩ ኤስ ኦፕን የሚባለውን ትልቅ ውድድር ያሸነፈበት፣ በ2025 አሜሪካና አውሮፓ የሚገጥሙበት ራይደር ካፕ የተደረገበት ሜዳ ላይ እኔና አንተ ከፍለን እንገባለን። ለእኔ በአሜሪካ ጎልፍ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

ኒውዮርክ መንጃ ፈቃድ ያለው ዘመድ ካለህ አሁኑኑ ደውልለት። የግዛቱ ነዋሪ ከእኛ በፊት ቲ ታይም (የመጫወቻ ሰዓት) ማስያዝ ይችላል፣ የሚከፍለውም በጣም ያነሰ ነው። አንተም ብትሆን አካውንትህን ከፍተህ መንጃ ፈቃድህን ቀደም ብለህ አስመዝግብ። እኛ ማስያዣው በሚከፈትበት ማታ ነው ልናስመዘግብ የሞከርነው። ቲ ታይሙ ዓይናችን እያየ አለቀ። ደንቡና ዋጋው ስለሚቀያየር ፓርኩ ራሱ ያወጣውን እይ። ብላክ የሚባለው ሜዳ ብዙውን ጊዜ ሰኞ ዝግ መሆኑንም አትርሳ።

እና ምን አደረግን? መኪና ውስጥ አደርን። ቀድሞ ላላስያዘ ሰው የተተወ ቦታ አለ፤ ቁጥር ያለበት ማቆሚያ ላይ ተራ ይዘህ ታድራለህ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደረስን። ከጎናችን ከኒው ጀርሲ የመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ፣ ተጣጣፊ ወንበር ዘርግተው። ባለቤቴ በፔርሙዝ ቡና፣ በላስቲክ ደግሞ ዳቦ ቆሎ ቋጥራልን ነበር። ለእነሱም ቀዳን። አንደኛው ያለ ስኳር ጠጥቶ ፔርሙዙን ይዞ «ይሄን ማን ነው ያፈላው?» አለ። ሊነጋጋ ሲል የፓርኩ ሠራተኛ ባትሪ እያበራ መኪና ለመኪና መጣ። አራታችንንም አንድ በአንድ ቆጠረን። አንዱ ሆቴል ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይበላሽ ነበር። የሚጫወተው ሰው ሁሉ እዚያው ይደር።

የመጀመሪያው ቲ (መነሻው) አጥር ላይ ያለውን ማስታወቂያ በፎቶ አይተኸው ይሆናል። ሜዳው እጅግ ከባድ ነው፣ ከፍተኛ ችሎታ ላላቸው ብቻ ነው የምንመክረው ይላል። እውነቱን ነው። ካርት (የጎልፍ መኪና) የለም፣ ቦርሳህን ይዘህ በእግርህ ነው። እኛ ዲሲ ውስጥ ሄይንስ ፖይንት ሜዳ ላይ ቦርሳ ተሸክመን ስንለማመድ ከርመን ነበር። ግን እዚያ መሬቱ ለጥ ያለ ነው፣ አልጠቀመንም። ብላክ ዳገትና ቁልቁለት ነው። አራተኛው ቀዳዳ ላይ ባንከሩ (የአሸዋ ጉድጓዱ) ሜዳውን አቋርጦ እንደ ገደል ይጠብቅሃል። 15ኛው ላይ ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት ሣር) ከራስህ በላይ ተሰቅሏል፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ እግርህ አልቋል። እኔን ያዳነኝ በሶ ነው። በውሃ መያዣ በጥብጬ ይዤ ነበር፣ 12ኛው ላይ አራታችን ተካፈልነው። ወደ 15ኛው አስፋልቱን ስንሻገር አሁንም አቅም ነበረን። ከነጩ ቲ 94 መታሁ። ሃንዲካፔ (የችሎታ መለኪያዬ) 13 ነው። ካርዱን ፍሬም አስደርጌ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

ጉልበቱን የሚያመው ጓደኛ ካላችሁ ብላክ ላይ አታስገድዱት። ፓርኩ ውስጥ ሬድ፣ ግሪን፣ ብሉና የሎ የሚባሉ ሌሎች አራት ሜዳዎች አሉ፣ እነሱ ላይ ካርት ይገኛል። ሬድ በሌላ ከተማ ቢሆን ኖሮ ራሱን ችሎ ሰው የሚጓዝለት ሜዳ ነበር።

4. ፓይንኸርስት። በ2024 ኦክቶበር እንደገና ስምንት ሆነን ሄድን። ሁለት ሰው ቀረ፣ ሁለቱም ዋስ አመጡ፣ አንድ ዶላር አልጠፋም። ይህን ስጽፍልህ ደስ እያለኝ ነው።

ቁጥር 2 የሚባለው ታዋቂው ሜዳ ላይ ለመጫወት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ማደር አለብህ። ስለዚህ ፓኬጅ ነው፣ ፓኬጅ ከሆነ ደግሞ ቀብድ አለው። ሜዳው ሲታይ ቀላል ነው፤ ፌርዌዩ (ወደ ግሪኑ የሚወስደው ሣር) ሰፊ፣ ውሃ የሌለበት ማለት ይቻላል። ግሪኑ ግን እንደ አክንባሎ ነው። መሐሉ ላይ ያሳረፍከው ኳስ ቀስ እያለ ዳር ይሄድና ይወርዳል፣ አንተ ቆመህ ታያለህ። ዶናልድ ሮስ የሠራው ነው፣ ከ1907 ጀምሮ ሰውን እንደዚህ ያደርጋል። ጎልፈኛው ብራይሰን ዲሻምቦ በዚያው ዓመት ጁን ላይ ዩ ኤስ ኦፕንን ያሸነፈበትን፣ 18ኛው ላይ ካለው ባንከር የሚመታውን የ55 ያርድ ምት ከስምንታችን አራታችን ሞክረነዋል። ግሪን ላይ ያደረሰው ታክሲ ነጂው ብቻ ነው። ማታ ማታ ክሬድል የሚባለው ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው አጭር ሜዳ ላይ ጀማሪዎቹም ከእኛ ጋር ተጫወቱ፣ የሁላችንም ፎቶ ያለው ከዚያ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይኸው፦ የመጀመሪያ ጉዟችሁ ከሆነ ቤዝፔጅ ሂዱ። አንዱ ቢቀር የምታጣው የአንድ ዙር ዋጋ ነው። ጎልፈኛነቱ ብቻ ሳይሆን ቃል አክባሪነቱ ማን ጋ እንዳለም እዚያ ይለያል። ፓይንኸርስትን በእቁብ ለሚቀጥለው ዓመት አድርሱት። ሜይ ላይ ካልሆነ አንሄድም ካላችሁ ደግሞ ካርድህን ከማውጣትህ በፊት ሰባቱም ግማሹን ዜል ያድርጉልህ። እስከ አርብ ያላደረገ ሰው ስሙን አውጣ። ያኔ ቅር የሚለው ሰው ይኖራል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንገት ደፍቶ ከመተላለፍ ይሻላል።

ፓኬጅ ከላኩልህ ደግሞ ውሉን ከመፈረምህ በፊት ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ አነበዋለሁ። የስም መቀየሪያው መስመር የት እንደሚደበቅ አውቃለሁ።