የሚከራይ ቤታችሁን ለማን ትሰጣላችሁ? ስለ ቤት አስተዳዳሪ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት የሰው ቤት አስተዳድሬያለሁ፤ ማለትም በባለቤቱ ፋንታ ተከራይ አስገብቻለሁ፣ ኪራይ ሰብስቤያለሁ፣ የተበላሸ አስጠግኛለሁ። አሁን ደግሞ የራሴን ቤቶች ሌላ ሰው ነው የሚያስተዳድርልኝ። ስለዚህ ነገሩን ከከፋይም ከተከፋይም ወገን አይቼዋለሁ። «ለኪራይ የገዛሁትን ቤት ማን ይያዝልኝ?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ሕግ ነክ የሆነው እንደየአገሩ ስለሚለያይ እሱን የአካባቢያችሁን ጠበቃ ጠይቁ። ሌላውን ወዲህ በሉ።

ጥያቄ፦ ሁለት አስተዳዳሪዎች አነጋገርኩ። አንዱ ከኪራዩ 8 በመቶ ይላል፣ ሌላው 10 በመቶ። ቤቱ ያው ነው፣ ሥራውም ያው ነው። ርካሹን ብይዝ ምን እሆናለሁ?

መልስ፦ ምንም ላትሆን ትችላለህ። ግን እስቲ ልዩነቱን በቀን እንቁጠረው። የዓመት ኪራይ 2 በመቶ ማለት የ7 ቀን ኪራይ ገደማ ነው። ርካሹ ሰውዬ ቤትህን ከሌላው አንድ ሳምንት አስበልጦ ባዶ ካቆየው ቁጠባህ እዚያው አለቀ። አንድ ወር ሙሉ ባዶ ከቆየ ደግሞ ከዓመት ገቢህ 8 በመቶ በላይ ሄደ። ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ ከሚያስከፍልህ መቶኛ በላይ ማለት ነው።

በብዙ ቦታ የተለመደው ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው። ሁለቱም እዚያ ውስጥ ስለሆኑ በዋጋው አትጨነቅ። ይልቅ ሁለቱንም «ባለፈው ዓመት የለቀቁባችሁ ቤቶች እስኪከራዩ ስንት ስንት ቀን ቆዩ?» ብለህ ጠይቅ። መዝገብ ከፍቶ የሚነግርህንና «ኧረ ወዲያው ነው የሚያዘው» የሚልህን ለይ። ከዚያ የተቀሩትን ክፍያዎች አንድ በአንድ አስቆጥር። የአዲስ ተከራይ ማስገቢያ፣ የውል ማደሻ፣ የቤት ፍተሻ፣ በጥገና ሒሳብ ላይ የሚጨመር። 8 ያለው እነዚህን ደርድሮ 10 ካለው በልጦ ሊያድር ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ። መቶኛው የሚሰላው *ከተሰበሰበው* ኪራይ ይሁን። ውሉ «ከሚከፈለው ኪራይ» ብሎ ድፍን አድርጎ ካለፈው፣ ተከራዩ ባይከፍልም አስተዳዳሪው ይከፈለኝ ሊል ነው።

ጥያቄ (እዚያው ላይ)፦ 8 በመቶ ያለው ሰውዬ ተከራይ ባስገባ ቁጥር የአንድ ሙሉ ወር ኪራይ ይጠይቃል። ልክ ነው?

መልስ፦ ከግማሽ ወር እስከ አንድ ወር መጠየቅ የተለመደ ነው። ግን ሒሳቡን ተመልከተው። በየወሩ 8 በመቶ ለ12 ወር ቢደመር የአንድ ወር ኪራይ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሰውዬው አንድ ተከራይ በለቀቀ ቁጥር የሚያገኘው፣ ዓመቱን ሙሉ ተከራዩን አርግቶ ይዞ ከሚያገኘው ይበልጣል። ይሄ ሰው ተከራይ ቢሸሽበት ብዙም አይከፋውም። ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፣ ውሉ ነው እንዲህ ያደረገው። መፍትሔው ቀላል ነው። «ያስገባው ተከራይ ዓመት ሳይሞላው ከለቀቀ ሌላ በነጻ ያስገባል» ብለህ አስጽፍ። ይሄን የሚፈርም ሰው ተከራይ ሲመርጥ ዓይኑን ይከፍታል።

ጥያቄ፦ ያለኝ አንድ ቤት ነው፣ ከምኖርበት አሥር ደቂቃ አይርቅም። አስተዳዳሪ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ጊዜ ካለህና በሌሊት ሲደወልልህ የማትበሳጭ ከሆነ አያስፈልግህም። ገንዘብህን ያዝ።

ጥያቄ፦ እኔ ርቄ ነው የምኖረው። ወንድሜ እያለ ለባዕድ ሰው ለምን እከፍላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። ወንድምሽ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ይሉኝታው ነው። ኪራይ ሁለት ወር ሲዘገይ ለባዕዱ ትደውይና «ምንድነው ነገሩ?» ትያለሽ። ለወንድምሽ ግን «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ብለሽ ስለ ኪራዩ ሳታነሺ ስልኩን ትዘጊያለሽ። እሱም ሥራውን ትቶ ቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ ሲዞር ይውላል፣ «ለእህቴ ነው» ብሎ ይውጠዋል። እንዲህ እየተዋዋጡ የተኮራረፉ ቤተሰቦች ብዙ አይቻለሁ። ቤቱ እንኳ ደህና ሆኖ።

ለእሱ መስጠት ከፈለግሽ እንደ ባዕድ አድርገሽ ስጪው። ክፈዪው፣ ትንሽም ቢሆን። ከሚሰጥሽ ዝምታ የሚሰጥሽ ሪፖርት ይሻላል፣ ለነጻ ሥራ ደግሞ ሪፖርት መጠየቅ ያሳፍራል። ኪራዩ በእሱ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳብሽ ይግባ። ውክልናውን ደግሞ አጥብቢው። ማከራየት፣ ኪራይ መጠየቅ፣ ማሳደስ ይበቃል። መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዕዳ ማስያዝ የሚሉት ቃላት እዚያ ወረቀት ላይ ምንም ሥራ የላቸውም። «ለማንኛውም ጠቅላላ ይሁን» የሚልሽ ካለ አትስሚው።

ጥያቄ፦ ደላላ እያለ አስተዳዳሪ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ደላላ ተከራይ አገናኝቶ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል። የአስተዳዳሪው ሥራ ገና ያኔ ነው የሚጀምረው። ሁለቱንም የሚሠራ ሰው አለ፣ ነውር የለውም። ብቻ ውሉ የትኛውን ሥራ እንደሚል አንብብ።

ጥያቄ፦ ነገ ከአንድ አስተዳዳሪ ጋር ቀጠሮ አለኝ። ምን ምን ልጠይቀው?

መልስ፦ ብትጠይቂው ሁሉንም «አዎ» ይልሻል። ስለዚህ «አሳየኝ» በይው።

መጀመሪያ ባለፈው ወር ለሌላ ባለቤት የላከውን ሪፖርት፣ ስምና አድራሻውን ሸፍኖ ያሳይሽ። አንዳንዱ ሪፖርት ላይ «ጥገና፣ ልዩ ልዩ» የሚል መስመር አለ፣ አጠገቡ አንድ ድምር። አለቀ። ሌላው ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል ታገኛለሽ፦ «የወጥ ቤት ዕቃ ማጠቢያ ሥር የሚያፈስ ጎማ ተቀየረ፤ ተከራይ ሰኞ አሳወቀ፣ ረቡዕ ተሠራ፣ ደረሰኝና ፎቶ ተያይዟል።» ሁለተኛው ሰው ቤቱን ያውቀዋል። የመጀመሪያው የሚያውቀው ሒሳቡን ብቻ ነው፣ እሱንም ከተጠየቀ።

ቀጥሎ አሁን ለኪራይ ያቀረበውን አንድ ባዶ ቤት ያስጎብኝሽ። ስትገቢ ሳሎኑን ተይው፣ ሳሎን ለእንግዳ ሁሌም ይጠረጋል። ወጥ ቤት ገብተሽ የዕቃ ማጠቢያውን ሥር ክፈቺ። የቁም ሳጥኑ ወለል አብጦ ከተነሳ፣ ጥጉ ላይ ጥቁር ሻጋታ ከያዘ፣ ውሃው እዚያ ሲንጠባጠብ ወራት ቆይቷል። በእነዚያ ወራት ቤቱን ፈተሽኩ ያለ ሰው ይሄን በር አልከፈተም። የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያም ቀና ብለሽ እይ።

ሌላው፣ አንድ ጓደኛሽ ተከራይ መስሎ ይደውልለት። ቤት ፈልጎ የደወለ ሰው መልስ ለማግኘት ሁለት ቀን ከጠበቀ፣ ያንቺንም ቤት የሚፈልገው ሰው እንደዚያው ይጠብቃል። አይጠብቅም እንጂ፣ ሌላ ቤት ይይዛል።

ከዚህ በላይ ልትጠይቂው የምትችይው ሁለት ነገር ነው። አንድ ሠራተኛ ስንት ቤት ይይዛል? በሌሊት ቧንቧ ቢፈነዳ ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው? ለሁለተኛው ስም ካልሰጠሽ የሚያነሳ የለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አስተዳዳሪ የሚባለው ሁሉ ሌባ ነው። ለምን ሰው ታሳስታላችሁ?

መልስ፦ ሌባም አለ። ስለዚህ ነው ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ መጠየቅ ያለብህ። የባለቤቶች ኪራይና የተከራዮች መያዣ ከድርጅቱ የራሱ ገንዘብ ተለይቶ በሌላ ሒሳብ መቀመጥ አለበት። ሲቀላቀል ነው ጣጣው የሚመጣው። የዚህ ወር ያንተ ኪራይ ያለፈውን ወር የሌላ ሰው ጥገና ይከፍላል፣ አንድ ቀን ይጎድልና ሁሉም ይንጫጫል። ብዙ አገሮች ይሄን በሕግ ያስገድዳሉ። እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደንበኛ ገንዘብ የሚይዝ አከራይ ወኪል ገንዘቡን በሚጠብቅ ዕውቅና ባለው መርሐ ግብር ውስጥ መግባት ግዴታው ነው። ያንተ አካባቢ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ፈቃዱን ከሰጪው ቢሮ አረጋግጥ እንጂ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አትመን።

ጥያቄ፦ ጥገና ላይ ሁሌ እንጣላለን። ሳይጠይቀኝ ያሠራል፣ ሒሳቡ ብቻ ይመጣል።

መልስ፦ ጣራ አስቀምጪ። ከዚህ መጠን በታች ከሆነ ይሥራና ደረሰኝ ይላክ። ከዚያ በላይ ከሆነ ዋጋ አስጠይቆ ያሳውቅሽ። ለትልቅ ሥራ ከሁለት ቦታ ዋጋ ይምጣ። ድንገተኛው ብቻ ለብቻው ይጻፍ። የፈነዳ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ አደጋ፣ የማይዘጋ የውጭ በር። እነዚህ የአንቺን ፈቃድ አይጠብቁም።

የራሱ ጠጋኞች ካሉት ደግሞ ጠንቀቅ በይ። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሥራውን የሚያዘውም ዋጋውን የሚቆርጠውም እሱው ነው። በሠራተኛው ሒሳብ ላይ ስንት በመቶ እንደሚጨምር ይንገርሽ። አንዳንዱ 10 በመቶ ይጨምራል። በግልጽ ከጻፈው አይከፋኝም፣ ማስተባበርም ሥራ ነው። የሚከፋኝ ደብቆት ሳገኘው ነው።

ጣራውን ግን እጅግ ዝቅ አታድርጊው። ለእያንዳንዱ አምፖል ደውሎ የሚጠይቅ አስተዳዳሪ ካሻሽ ራስሽ ብትይዢው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ተከራይ ሲመርጡ ምን እንደሚያጣሩ እንዴት አውቃለሁ? እኔ የማየው ስምና ስልክ ብቻ ነው።

መልስ፦ መስፈርታቸውን በጽሑፍ ጠይቅ። መታወቂያ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የድሮ አከራይ ምስክርነት የሌለበት ማጣሪያ ማጣሪያ አይደለም። ብዙዎች ገቢው የኪራዩን 3 እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ። እሱ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ጥሩ አስተዳዳሪ የሚታወቅበት አንድ ነገር ልንገርህ። የሚደውለው ተከራዩ አሁን ላለበት ቤት ባለቤት ብቻ አይደለም፣ *ከዚያ በፊት* ለነበረውም ጭምር ነው። የአሁኑ አከራይ አስቸጋሪ ሰው ይዞ ከሆነ እንዲለቅለት ስለሚፈልግ «ወርቅ የሆነ ሰው ነው!» ይልሃል። የቀድሞው ግን ምንም የሚያተርፈው ስለሌለ እውነቱን ይናገራል። መስፈርቱ ደግሞ ለሁሉም አመልካች እኩል ይሁን። በዘርና በሃይማኖት የሚመርጥ አስተዳዳሪ ሰው ከመበደሉም በላይ አንተን ፍርድ ቤት ሊያቆምህ ይችላል።

ጥያቄ፦ አሁን ካለው አስተዳዳሪ መላቀቅ እፈልጋለሁ። ሪፖርት በልመና ነው የሚልክልኝ። ግን የት ልጀምር?

መልስ፦ ሳይደውሉለት በፊት ውሉን ያንብቡ። ሦስት ነገር ይፈልጉ። የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ይላል? 30 ወይም 60 ቀን የተለመደ ነው። ያለ ምክንያት ማቋረጥ ይቻላል? የማቋረጫ ክፍያስ አለው? ከዚያ «እሱ ያስገባው ተከራይ እስካለ ድረስ ኮሚሽን ይከፈለዋል» የሚል አንቀጽ ካለ ይፈልጉ። እሱ አንቀጽ ሰው ከተሰናበተ በኋላም ሲከፈለው እንዲኖር ያደርጋል።

ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ይስጡ። የሚረከቡትን ዘርዝረው ይጻፉ፦ ዋናው የኪራይ ውል፣ የመያዣው ገንዘብ፣ ተከራዩ ሲገባ የተነሱ ፎቶዎች፣ የቆጣሪ ንባብ፣ ቁልፎች ከነቅጂያቸው፣ ያልተዘጉ የጥገና ሥራዎች። ፎቶዎቹን አደራ። ተከራዩ ሲለቅ ግድግዳው ላይ ያለው ቀዳዳ የማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ፎቶ ብቻ ነው። ለተከራዩም ከዚህ በኋላ ለማን እንደሚከፍል የእርስዎ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ይድረሰው፣ አለዚያ ለሁለት ሰው መክፈሉ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እንኳን ተከራይ ነኝ፣ ይቅርታ። አስተዳዳሪው ጣሪያው እንደሚያፈስ አምስቴ ነግሬው አልመጣም። ባለቤቱን ማግኘት ነውር ነው?

መልስ፦ ምን ነውር አለው? እኔ ባለቤት ብሆን አመሰግንሃለሁ። በጽሑፍ አድርገው፣ ፎቶና ቀን ጨምርበት፣ ለአስተዳዳሪውም ቅጂውን ላክለት። ባለቤቶችም ስሙኝ፦ በዓመት አንዴ ለተከራያችሁ ደውሉ። ስለ ኪራይ አታውሩ። «ቤቱ እንዴት ነው?» በሉ ብቻ። ከሪፖርቱ የማታገኙትን ነገር ትሰማላችሁ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ይሁንልኝ። አስተዳዳሪዬ ውል ሲታደስ ኪራይ 5 በመቶ እንጨምር ይላል። ተከራዬ በሰዓቱ የሚከፍል ጨዋ ሰው ነው፣ እንዳይለቅ ፈራሁ።

መልስ፦ የ5 በመቶ ጭማሪ በዓመት የ18 ቀን ኪራይ ገደማ ነው። ሰውዬው ቢለቅና ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቆይ፣ በዚያ ላይ የማስገቢያ ክፍያና ቀለም ሲጨመርበት፣ የዓመቱ ጭማሪ አይሸፍነውም። ግን አካባቢው ላይ ኪራይ ከወጣ ዝም ብለሽ ዓመታት ማሳለፍም ኪሳራ ነው። አስተዳዳሪሽን «ለምን 5?» በይው። በአቅራቢያው በቅርቡ የተከራዩ ተመሳሳይ ቤቶችን ያሳይሽ፣ ለኪራይ *የተለጠፈ* ዋጋ ሳይሆን *የተከራዩበትን*። ካሳየሽ ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ጨምሪ፣ ደብዳቤውም ውሉ ከማለቁ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት ይድረሰው። ካላሳየሽ እሱን ራሱን አታድሺው።