መልስ፦ የተሸፈነው ኳሳር ኤክስሬይ የቀነሰው ጋዝ ወፍሮ ነው ወይስ ምንጩ ደክሞ?

ወንድሜ፣ አዳማ ሆነህ የምታጠናው ኳሳር (በግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ የሚያበራ የሩቅ ጋላክሲ እምብርት፤ ሬድሺፍቱ 2፣ ማለትም የብርሃኑ ሞገድ እኛ ጋ ሲደርስ 3 እጥፍ ተለጥጧል) እኩል ጊዜ በፈጁ ሁለት የቻንድራ ኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ምልከታዎች ከ40 ፎቶን ወደ 22 ወርዷል ብለሃል። ቆይ፣ መጀመሪያ መውረዱን አረጋግጥ። ልዩነቱ 18፣ ስህተቱ 8 ገደማ ነው፤ 2.3 ሲግማ (የስህተቱ 2.3 እጥፍ) ብዙ አያስኬድም። በዚያ ላይ የቻንድራ ኤሲስ ካሜራ ማጣሪያ ከዓመት ዓመት ቆሻሻ እየተጋገረበት ዝቅተኛውን ኢነርጂ እየዋጠ ነው። ጥሬ ቁጥር አታወዳድር፤ ለእያንዳንዱ ምልከታ የራሱን ኤአርኤፍ (ቴሌስኮፑ በየኢነርጂው ፎቶን የመቀበል አቅሙን የሚያሳይ ፋይል) አውጣ።

ቀጥሎ ሁለቱን ስፔክትረም (የፎቶኖቹን ስርጭት በኢነርጂ) አንድ ላይ ከሞዴል ጋር አዛምድ፣ ለጥቂት ፎቶን በሚሆነው በካሽ ስታቲስቲክስ። የተለመደው ካይ ስኩዌር በዚህ ትንሽ ቁጥር ያሳስትሃል። ፎቶን ኢንዴክሱን (የስፔክትረሙን ቁልቁለት) 1.8 ላይ ቆልፈህ አንዴ የጋዙን መጠን ብቻ፣ አንዴ የምንጩን ድምቀት ብቻ ልቀቅና አወዳድር። የጋዙ መጠን በእርግጥ ከተለወጠ ጥፋተኛው ጥቁር ጉድጓዱ አጠገብ ያለ ደመና ነው፤ ኳሳሩን የያዘው ጋላክሲ ጋዝና አቧራ በሺህ ብርሃን ዓመታት ስፋት የተዘረጋ ስለሆነ በጥቂት ዓመት ንቅንቅ አይልም። በሬድሺፍት 2 ጊዜም 3 እጥፍ ተለጥጦ ስለሚታየን፣ በምልከታዎቹ መካከል ያለውን ጊዜም ለ3 ማካፈል እንዳትረሳ።

አንድ ወጥመድ፦ የ6.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የብረት መስመር በሬድሺፍቱ ለ3 ተካፍሎ አንተ ጋ 2.13 ላይ ይወድቃል። የቴሌስኮፑ መስታወት የተለበጠበት ኢሪዲየም የመቀበል አቅሙን በድንገት የሚቀይርበት ጠርዝም እዚያው አካባቢ ነውና ትንሽ ጉብታ ባየህ ቁጥር ብረት ነው አትበል።