ልጅዎ የዱር እንስሳት ጥበቃ ልማር ካለችዎት

እትዬ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። «ልጄ ፍሬሽማን ጨርሳ ዲፓርትመንት ስትመርጥ የዱር እንስሳት ጥበቃና አያያዝን አንደኛ አድርጋ ሞላች፤ ሥራ አለው ወይ? ሴት ልጅስ ጫካ ለጫካ እንዴት ትሆናለች?» ብለው ከኮምቦልቻ የጠየቁትን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። አብሽሩ። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሴትም ነኝ፤ ይህንኑ ሙያ ወንዶ ገነት ተምሬ ዛሬም እንጀራዬ እሱው ነው።

ሥራውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎት። ማስታወቂያ እንደ አካውንቲንግ በየጊዜው አይወጣም። ቀጣሪዎቹ የታወቁ ናቸው፦ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን፣ የክልል መሥሪያ ቤቶችና በሥራቸው ያሉ ፓርኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶች። ድርጅቶቹ ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና መተንተን) የሚችል፣ ስታቲስቲክስ የማያስፈራው፣ ሪፖርት አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ነው የሚፈልጉት። ልጅዎ ከሁለተኛ ዓመት ጀምራ እነዚህን ከያዘች ተመርቃ ብዙ አትቀመጥም ባይ ነኝ። ዲግሪውን ብቻ ይዛ ከወጣች ግን ትቸገራለች።

ትምህርቱ ብዙ ሰው በቴሌቪዥን እንደሚያየው አንበሳ መከተል አይደለም። ስነ ምህዳር አለ፣ ዕፅዋት መለየት አለ፣ ሕግ አለ (የዱር እንስሳት አዋጁን በደንብ ታነባለች)፣ ከሁሉም በላይ ግን ቆጠራ አለ። ጭላዳ ዝንጀሮን እንውሰድ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፣ እኛ ወሎ ደጋ ላይ ግን አለ። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣል። አፋፉ ላይ ብቅ ሲል ካልተቆጠረ አበቃ፤ ሣር መንጨት ከጀመረ መንጋው ይደባለቃል፣ አንዱን ሁለቴ መቁጠር ይመጣል። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ውርጭ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አንዱ ባይኖኩላር ይዞ ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል፦ ጎፈራም ወንድ አንድ፣ እናቶች አምስት፣ የታዘለ ግልገል ሁለት። እንስት የሌላቸው ጎረምሶች ለብቻ ይመዘገባሉ። ጣት ደንዝዞ እስክሪብቶ አልይዝ ይላል። እኔ ይሄን እወደዋለሁ፤ የማይወደው ሰው ግን አራት ዓመቱ ይረዝምበታል።

ከዚህ የሚከብደው ከሰው ጋር ያለው ሥራ ነው፤ ልጅዎን አጥብቀው ሊጠይቋት የሚገባውም ስለዚህ ነው። ደቡብ ወሎ ያለው ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ፓርክ ዳር ለመመረቂያ ጥናቴ መጠይቅ ይዤ ስዞር አንድ አባወራ «የእናንተ ዝንጀሮ ገብሴን ጨረሰው» አሉኝ። ልጃቸው ትምህርቱን ትቶ ከማለዳ እስከ ማታ ወንጭፍ ይዞ ማሳ ይጠብቃል። ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ «ለፓርኩ ያለዎት አመለካከት፦ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ» የሚል ነው። ቅጹን አጥፌ ማሳቸው ዳር ተቀምጬ አዳመጥኳቸው። ለጥናቴ ፍሬ የሆነኝም የዚያን ዕለት የነገሩኝ ነው።

ቀይ ቀበሮንም ቢያዩ ያው ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፣ ጥቂቱ እኛ ወሎ ተራሮች ላይ አለ። ከሚፈጁት ነገሮች ዋናው ከእረኛ ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ቀበሮውን የሚያድን ባለሙያ ቀኑን የሚያሳልፈው ውሻ በማስከተብ፣ የውሻውን ባለቤት በማግባባት ነው። ሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ ሣር ምድርም ለዘመናት ተጠብቆ የኖረው ገበሬው ራሱ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ መቼ እንደሚዘጋ ደንብ አውጥቶ ስለያዘው ነው። ገበሬ አክብራ የማትሰማ ልጅ ይህን ሙያ ባትጀምረው ይሻላል።

ሴትነቷን በሚመለከት፣ የማደሪያና የመጸዳጃ ነገር አንዳንድ ካምፕ ላይ በጣም ያስቸግራል፤ አልደብቅዎትም። ስካውቶቹ (የፓርኩ ጠባቂዎች) ግን እንደ እህት ነው የሚጠብቁን። ደግሞ ማገዶ ከየት እንደሚለቀም፣ አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ) ለምን እንደሚቆረጥ የምታውቀው የቤቷ እመቤት ናት፤ ለወንድ ተማሪ የማትነግረውን እኔን ጓዳዋ አስገብታ ቡና እያፈላች አጫውታኛለች። ዋናው ስጋት የመንገዱ ጸጥታ ነው። ዲፓርትመንቱ በአሁኑ ሰዓት ተማሪዎቹን ለመስክ ልምምድ የት እንደሚወስድ ልጅዎ ከመፈረሟ በፊት ትጠይቅ፤ መስክ ሳይወጣ የተማረ ሰው ሥራው ላይ ይቸገራል።

ለጊዜው አንድ ነገር ታድርግ። የጎፍ ደን አጠገባችሁ ነው። ሰላም በሆነ ቀን ከወንድሟ ጋር በጠዋት ትውጣና አንድ ቦታ ተቀምጣ ያየችውን ወፍና እንስሳ፣ ሰዓቱን፣ ዛፉን፣ እንጨት ለቃሚ ሲያልፍም እሱን ደብተር ላይ ትጻፍ። ደጋግማ ትሞክረው። ከሰለቻት ምርጫዋን ትቀይር፤ ካልሰለቻት ግን እባክዎ አይከልክሏት።