ጅማ ላይ ቤትን ለመሬት መንቀጥቀጥ ማጠንከር ያዋጣል? ጥያቄና መልስ

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ከከረመ ወዲህ፣ ጅማ ውስጥ ቤት የሠራም ሆነ ለመሥራት ያሰበ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። በስትራክቸር ምህንድስና ሙያዬ በዚህ ከተማ ስለምሠራ፣ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሚከተሉትን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጅማ ከስምጥ ሸለቆው ውጭ ናት ይባላል። ታዲያ ለማይደርስብን ነገር ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል?

መልስ፦ ከተማችን ከሸለቆው በስተ ምዕራብ ባለው ደጋማ መሬት ላይ መሆኗ እውነት ነው፤ ከፈንታሌም በቀጥታ ሲለካ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይሁን እንጂ ሸለቆው በሆሳዕና በኩል ይቀርበናል፤ ከዚያ እስከ ጅማ በቀጥታ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥም እዚህ ድረስ ተሰምቷል። ስለዚህ ስጋታችን በ1953 ዓ.ም. ከተመታችው ከማጀቴ ወይም በ1961 ዓ.ም. ከፈረሰችው ከሰርዶ ጋር የሚተካከል ባይሆንም፣ የለም ሊባል ግን አይችልም። እንዲህ ባለ ቦታ የእኔ ምክር ርካሹን ሥራ አንድም ሳያስቀሩ መሥራት፣ ውዱን ደግሞ ቤቱ ብዙ ሰው የሚኖርበት ካልሆነ በስተቀር መተው ነው።

ጥያቄ፦ ቦሳ ኪቶ ላይ 8 በ10 ሜትር የብሎኬት ቤት ጀምሬያለሁ፤ መሠረቱ አልቋል። ግንበኛው «ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከላይ ሪንግ ቢም አያስፈልገውም፣ ብርዎን አያባክኑ» አለኝ።

መልስ፦ ግንበኛው ግማሹን እውነት ነግሮዎታል፤ ቀላል ጣሪያ በእርግጥ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሪንግ ቢሙ፣ ማለትም በግድግዳው አናት ዙሪያውን የሚሞላው የአርማታ ማሰሪያ፣ የሚሠራው ጣሪያውን ለመሸከም ብቻ ሳይሆን አራቱን ግድግዳ እንደ ቀበቶ አንድ ላይ ለማሰር ነው። መሬቱ ሲወዛወዝ ረጅሙ የብሎኬት ግድግዳ ከላይ የሚይዘው ካጣ፣ ለብቻው እንደ ቆመ ሳንቃ ወደ ውጭ ይወድቃል።

ወጪውን አብረን እናስላው። የውጭው ዙሪያ 36 ሜትር ነው፤ የውስጥ ግድግዳዎች ሲጨመሩበት ወደ 50 ሜትር ይደርሳል። ቢሙ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የሚሞላው አርማታ 2 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም ከ7 ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ ሲሚንቶ ይጠይቃል። አራት ረድፍ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ መደራረቢያው ታስቦ፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው 19 ዘንግ ያህል ይወስዳል፤ ስታፋው፣ ማለትም ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቢታሰር 250 ፍሬ ነው። አሸዋውን፣ ጠጠሩን፣ ጣውላውንና የእጅ ዋጋውን ይጨምሩበትና በዛሬው ገበያ አባዝተው ለሳሎኑ ሴራሚክና ለበሩ ካሰቡት ጋር ያስተያዩት። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ሐሳብዎን ቢቀይሩ ጣሪያውን ማንሣት ሊኖርብዎት ነው፤ ያን ጊዜ ወጪው ሌላ ነው። አርማታው ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ይህ ምንም ያህል ብር ስለማይጠይቅ ነው መሰለኝ ብዙ ሰው የሚረሳው።

ጥያቄ፦ አያቴ ያወረሱኝ የጭቃ ቤት አለኝ። አፍርሼ በብሎኬት ልሥራው?

መልስ፦ ለመሬት መንቀጥቀጥ ብለው ከሆነ አያፍርሱት። ቋሚና ማገሩ በደንብ የተያያዘ የእንጨት ቤት ቀላልና ተጣጣፊ በመሆኑ፣ ሳይታሰር ከተገነባ ብሎኬት ይሻላል። የጅማ የጭቃ ቤት ጠላቱ እርጥበትና ምስጥ ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ቋሚውን በወስፌ ይውጉት፤ ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷልና ገንዘብዎን ቋሚውን ለመቀየር፣ እግሩን ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ለማሳረፍና ጎርፍ መውረጃ ለመቆፈር ያውሉት።

ጥያቄ፦ ግድግዳዬ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ተሰንጥቋል። መንቀጥቀጡ ያመጣው ነው?

መልስ፦ በጋ ላይ ሰፍቶ ክረምት ላይ የሚጠብ ስንጥቅ ከሆነ ምክንያቱ ጥቁር አፈሩ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ግራና ቀኙን በእርሳስ ምልክት አድርገው፣ ርቀቱን ከቀኑ ጋር ጽፈው ለአንድ ዓመት ይከታተሉት። ከመሠረቱ በላይ የሚታሰረው የአርማታ ማሰሪያ (ግሬድ ቢም) ለአፈሩም ለመንቀጥቀጡም ስለሚያገለግል፣ ለአዲስ ቤት ሲያሰሉ ወጪውን በሙሉ በመንቀጥቀጡ ላይ አይጻፉበት።

ጥያቄ፦ ሄርማታ ላይ ባለሁለት ፎቅ የሚከራይ ሕንፃ አለኝ፤ ምድር ቤቱ ሱቅ ነው። ለእኔም ርካሹ ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃዎትም። ሱቆቹ ወደ መንገድ ክፍት ስለሆኑ ምድር ቤቱ ግድግዳ የለውም፤ ላይኛዎቹ ፎቆች ግን በብሎኬት የተሞሉ ናቸው። መሬቱ ሲወዛወዝ ላይኛው ክፍል እንደ አንድ ግትር ሣጥን ይሄዳል፤ መታጠፉ በሙሉ በታችኞቹ ኮለኖች (የአርማታ ምሰሶዎች) ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ ስታፋው ብዙ ጊዜ የይስሙላ ነው። አንድ ሳይት ላይ በኮለኑ እግርና ራስ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ እንዲታሰር የታዘዘው ስታፋ አንድ ስንዝር ተራርቆ፣ ጫፉም ወደ ውስጥ መቆልመም ሲገባው በቀጥታ ማዕዘን ታጥፎ አግኝቼ፣ ሙሊቱን አስቁሜ አስፈትቻለሁ። ባለሥራው «ማን ያየዋል?» ነበር ያለኝ።

እርስዎ በመጀመሪያ ዲዛይኑን ይዘው ባለሙያ ኮለኖቹን እንዲመረምር ያድርጉ። በሱቆቹ የኋላ በኩል በሁለቱም አቅጣጫ የአርማታ ግድግዳ መጨመር ወይም ኮለኖቹን በአዲስ ፌሮና አርማታ መጠቅለል ያስፈልግ ይሆናል፤ ከባድ ወጪ ነው፣ ለጥቂት ወራትም ኪራይ ያስቀርብዎታል። ያም ሆኖ ተከራዮቹ ኮለኑን ከፍተው ማየት እንደማይችሉ፣ ምርጫውም በእርስዎ እጅ ብቻ እንዳለ ሳስበው፣ በዚህ ሕንፃ ላይ ትርፍና ኪሳራን በብር ብቻ መመዘን ልክ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ እንደ ጃፓን ከሥሩ ላስቲክ ማድረግስ?

መልስ፦ መሬቱ ሲወዛወዝ ሕንፃው አብሮ እንዳይናወጥ ከሥሩ የሚገባው የላስቲክ ትራስ ለትልቅ ሆስፒታል ሊታሰብ ይችላል፤ ለመኖሪያ ቤት ግን ወጪው አያዋጣዎትም።

ጥያቄ፦ መድን ብገባ አይቀለኝም?

መልስ፦ የእሳት ቃጠሎ መድን ብቻውን መንቀጥቀጥን ላይጨምር ስለሚችል፣ ተጨማሪ አረቦን ከፍለው ያስገቡት እንደሆነ ውሉን አንብበው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ቢም የምለው ነገር የለኝም። በጥቂት ብር ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ ከአልጋዎ ራስጌ የቆመውን ቡፌ ወይም ቁም ሣጥን በሁለት ማዕዘን ብረት ከግድግዳው ጋር በብሎን ያሳስሩት፤ ካልተቻለም አልጋውን ያዛውሩ። ጓሮ ባለው ማማ ላይ ሮቶ ካለ፣ 2,000 ሊትሩ ሲሞላ ሁለት ቶን ነውና የማማው እግሮች በሰያፍ ብረት ይያያዙ። ልጆች የሚጫወቱበት የብሎኬት አጥር ካዘመመ ዝቅ ያስደርጉት። ቡና ሲያፈሉም ቢንቀጠቀጥ፣ በሩ ቅርብ ካልሆነ ወደ ውጭ አይሩጡ፤ ከከሰሉ ራቅ ብለው ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡ፤ ሲቆም ከሰሉን አጥፍተው ይውጡ።