ቁጥሩ የት ተወለደ?

ውድ ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ የአካባቢ ምህንድስና ማስተርሳችሁን ለመማር ባሕር ማዶ ልትሻገሩ እየተሰናዳችሁ ነው። እኔም በእናንተ ዕድሜ ሄጄ ተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመኔ በውሃና በፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ አለፈ። ያኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ ደረጃውን ማየታችሁ አይቀርም። ደረጃው ግን ቤተ ሙከራው ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይነግራችሁም። የኮርሶቹን ዝርዝር አንድ በአንድ እዩ። ስሙ «አካባቢ» ሆኖ ግማሹ ፖሊሲና አስተዳደር የሆነ ፕሮግራም ብዙ ነው። ጥሩ ትምህርት ነው፤ የማጣሪያ ጣቢያ ዲዛይን ማድረግ ግን አያስተምራችሁም። ለመምህር ስትጽፉ ደግሞ «ታታሪ ተማሪ ነኝ» አትበሉ። ጥናታቸውን አንብባችሁ ያልገባችሁን አንድ ነገር ጠይቁ።

ከኬሚስትሪ ወይም ከባዮሎጂ የምትመጡ ልጆች ሒሳቡን ቀድማችሁ ያዙት። የገባው፣ የወጣው፣ የተለወጠውና የተጠራቀመው መመጣጠን አለበት። ማስ ባላንስ የሚባለው ይኸው ነው። እሱን በደንብ የያዘ ተማሪ ሌላው ሁሉ ይቀለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢኦዲ የሚባል መለኪያ ትማራላችሁ። ረቂቅ ሕዋሳት በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲበሉ የሚጠቀሙት የኦክስጅን መጠን ነው። ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ5 ቀን ይቀመጣል። እኔ 5 ቀን የሚለውን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ነበር የያዝኩት። አንድ ቀን መምህራችን «ለምን 6 ቀን አልሆነም?» ብለው ጠየቁን። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ነገሩ የሚጀምረው ብሪታንያ ውስጥ ነው። ስለ ፍሳሽ አወጋገድ እንዲያጠና የተቋቋመ የንጉሣዊ ኮሚሽን ነበር። 5 ቀን የተመረጠው የዚያ አገር ወንዝ ባሕር እስኪገባ ከዚያ በላይ አይወስድበትም ተብሎ እንደሆነ ይነገራል። ይኸው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣው ሪፖርት፣ ተጣርቶ የሚወጣ ፍሳሽ በሊትር ከ20 ሚሊግራም በላይ ቢኦዲ፣ ከ30 ሚሊግራም በላይ ተንሳፋፊ ብናኝ እንዳይኖረው መከረ። ከሥሩ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረ። ፍሳሹን የሚቀበለው ወንዝ ቢያንስ የፍሳሹን 8 እጥፍ ንጹሕ ውሃ ሊኖረው ይገባል። ቁጥሮቹ ብዙ አገር ዞሩ፤ ቅድመ ሁኔታው ግን መንገድ ላይ ቀረ። በበጋ እንደ ክር የሚቀጥን ወንዝ ያ 8 እጥፍ ከየት ይመጣለታል?

ልጆቼ፣ ባሕር ማዶ የምትማሩት ነገር ሁሉ የትውልድ ቦታ አለው። አየር በሚነፋበት ታንክ ውስጥ ረቂቅ ሕዋሳት ፍሳሹን የሚያጠሩበት፣ አክቲቬትድ ስላጅ የሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1914 ማንቸስተር ውስጥ ነው ይፋ የሆነው። በዓለም ላይ ትልቅ ውለታ የዋለ ዘዴ ነው። ግን አየር መንፋት ይፈልጋል፣ አየር መንፋት ደግሞ ኤሌክትሪክ ይበላል። በ10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ በሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይሟሟል፤ በ30 ዲግሪ ወደ 7.6 ይወርዳል። ስለዚህ ውሃው በሞቀ ቁጥር ኦክስጅን ማሟሟቱ ይከብዳል። በአንጻሩ ኔዘርላንድስ ውስጥ ሌቲንጋ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሳደጉት፣ ያለ አየር የሚሠራው ዩኤኤስቢ የሚባል የማጣሪያ ዘዴ ለቤት ፍሳሽ የተመቸው በሞቃት አገር ነው። ብራዚል፣ ኮሎምቢያና ህንድ በሰፊው ተጠቀሙበት። ስለዚህ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ቁጥር ሲጽፍ እጃችሁን አውጡና ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ቋንቋዬ ይሰባበራል ብላችሁ አትፍሩ። እኔ ፈርቼ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ዝም አልኩ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለ መመረቂያ ጥናታችሁ፣ ስለ ቲሲስ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ባክቴሪያ የእናንተን የመመረቂያ ቀን አያውቅም። አሞኒያን ያለ ኦክስጅን የሚበሉት፣ አናሞክስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በእጥፍ ለመብዛት 11 ቀን ያህል ሊፈጅባቸው ይችላል። ፕሮግራማችሁ የአንድ ዓመት ከሆነ ባክቴሪያ የሚያድግበትን ታንክ፣ ሪአክተሩን፣ ከዜሮ አትጀምሩ፤ ቀድሞ እየሠራ ያለ ፈልጉ ወይም በኮምፒውተር የሚሠራ ሞዴሊንግ ያዙ። የእኔ ፓምፕ ቅዳሜና እሑድ ተደፍኖ የሁለት ወር ልፋቴ ሰኞ ጠዋት ሞቶ አገኘሁት። አማካሪዬ ቁጭ አድርገው «ለምን እንደሞተ ጻፍ» አሉኝ። ከቲሲሴ ውስጥ እስከ ዛሬ የምጠቀምበት ምዕራፍ እሱ ነው።

ኢፓኔትንና ኤስደብሊውኤምኤምን ከመሄዳችሁ በፊት ተለማመዱ። የመጀመሪያው የውሃ ቧንቧ መረብን፣ ሁለተኛው የከተማ ዝናብ ጎርፍንና ፍሳሽን ለማስላት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በነጻ የሚሰጣቸው ሶፍትዌሮች ናቸው። የቤተ ሙከራ ሪፖርት ከጓደኛ አትገልብጡ፤ እዚያ ከትምህርት ሊያስባርር ይችላል። የትርፍ ሰዓት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቪዛችሁ ስንት ሰዓት እንደሚፈቅድ አጣሩ።

ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ የምታውቁትን የአንድ ወንዝ መረጃ ሰብስቡ። የውሃውን ሙቀት፣ የክረምትና የበጋ ፍሰቱን፣ የዝናቡን መጠን። የመጀመሪያው የዲዛይን ሥራ ሲሰጣችሁ የመጽሐፉን ሙቀት አውጡና የራሳችሁን አስገብታችሁ እንደገና ስሉት። ታንኩ በስንት ሜትር ኩብ እንደተለወጠ ጻፉልኝ። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።