መልስ፦ የአልዛይመር ምርምር ማዕከል አስተባባሪ ምን ይሠራል?

አሜሪካ ውስጥ በአልዛይመር (ማስታወስንና ማሰብን ቀስ በቀስ የሚያዳክም የአንጎል በሽታ) ምርምር ማዕከል አስተባባሪ ሆነህ ልትቀጠር ስለሆነ፣ ዋናው ሥራ ምን እንደሆነ ጠይቀሃል። እንኳን ደስ አለህ!

ማዕከላቱ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሔራዊው የእርጅና ጥናት ተቋም ገንዘብ ይደገፋሉ። ክሊኒኩን፣ የዳታ ክፍሉንና የአንጎል ናሙና የሚመረምሩትን የምታገናኘው አንተ ነህ። መረጃው በወጥ ቅጽ ተሞልቶ ሲያትል ወዳለው ብሔራዊ አስተባባሪ ማዕከል ይሄዳል።

ከባዱ ግን የጥናቱ ተሳታፊዎች ለምርመራ በየዓመቱ እንዲመለሱ ማድረግ ነው። ስለ ተሳታፊው የዕለት ኑሮ የሚጠየቅ የቅርብ ሰውም ያስፈልጋል። ይህ ሰው ለምሳሌ የተሳታፊው ልጅ ከሆነና ከሥራ ፈቃድ ካላገኘ ቀጠሮው ተበላሸ ማለት ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ከመቁረጥህ በፊት ለእሱም ደውል።

የአንጎል ልገሳን፣ ማለትም ከሞት በኋላ አንጎልን ለምርምር የመስጠትን ጉዳይ ደግሞ አታቆየው። ተሳታፊው ራሱ መወሰን እየቻለ፣ ቤተሰቡ ባለበት በእርጋታ አንሳው።