«የለም» ሲላችሁ የት እንደፈለገ ጠይቁት

ባለፈው አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ ላፕቶፑን አቅፎ ደሴ ቤቴ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ሊብፒካፕን ሦስቴ ጫንኩት፤ ሦስቴም የለም ይለኛል» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩ። እኔም በወጣትነቴ በዚሁ ጉዳይ ሁለት ቀን ሙሉ ተቃጥያለሁ። ይባስ ብዬ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር ፎርማት ላደርገው ነበር።

ለማታውቁት፣ ሊብፒካፕ በኔትወርክ ካርድ የሚያልፉ ፓኬቶችን (የዳታ ቁርጥራጮችን) ለፕሮግራማችሁ የሚያሳይ የሲ ቋንቋ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ ነው። ቲሲፒደምፕ የሚባለውን ፓኬት ማያ ፕሮግራም የጻፉት የሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ሰዎች ናቸው የሠሩት። ለተራ ሥራ ከኡቡንቱ በአፕት (በፕሮግራም መጫኛው) የሚወርደው ይበቃል። ልጁ ግን ከሶርስ ኮዱ ካልጫንኩ አለ። ደስ ይላል፤ እንዲህ ነው የሚለመደው።

ትእዛዙ ሦስት ነው፦ ኮንፊገር፣ ሜክ፣ ሜክ ኢንስቶል። የመጀመሪያው ማሽኑ የሚያስፈልገውን ማሟላቱን ያያል፤ ፍሌክስና ባይሰን የሚባሉት መሣሪያዎች ከሌሉ እዚያው ያቆማችኋል። ሁለተኛው ኮምፓይል ያደርጋል፤ ኮዱን ማሽኑ ወደሚገባው ይቀይራል። ሦስተኛው ፋይሎቹን ቦታ ቦታ ያስይዛል፤ እሱ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ) ይፈልጋል።

ልጁ ይህን ሁሉ በትክክል ሠርቷል። ሊብፒካፕን የሚጠቀመው የራሱ ፕሮግራምም ኮምፓይል ሆኗል። ሲያስነሳው ግን «ፋይሉ የለም»። አለ እንጂ! ዩኤስአር ሎካል ሊብ የሚባል ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሎደሩ፣ ማለትም ፕሮግራም ሲነሳ ላይብረሪዎቹን ፈልጎ የሚያገናኘው፣ የሚያየው ቀድሞ የተመዘገበ ዝርዝር ስለሆነ ነው አዲሱን ያላወቀው። እንግዳው ኮምቦልቻ ወርዶ፣ እናንተ ደሴ መናኸሪያ ቆማችሁ እንደመጠበቅ በሉት። ሱዶ ኤልዲኮንፊግ አልን። ዝርዝሩ ታደሰ፤ ፕሮግራሙም ተነሳ።

አብሽሩ፣ ሁላችንም እዚህች ጋ ወድቀናል። ግን ስህተት ባያችሁ ቁጥር ደግማችሁ አትጫኑ። ሜክ ሲከሽፍም የመጨረሻውን መስመር አትመኑት። ወደ ላይ ውጡና የመጀመሪያውን ኤረር ፈልጉ፤ የታችኞቹ ብዙ ጊዜ የእሱ ጣጣ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልቆጣ። ካፌ ተቀምጣችሁ የሰው ፓኬት እንዳትጠልፉ። ነውርነቱ እንዳለ ሆኖ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያስጠይቃል። የራሳችሁ ሁለት ላፕቶፕ ለመማር ይበቃል።

ልጁም እንደዚያው ከእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ መሞከር ጀመረ። የፓኬቱ ፖርት (አገልግሎቱን የሚለየው ቁጥር) 80 መሆን ሲገባው ፕሮግራሙ 20480 አለው። ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ኔትወርክ ላይ የቁጥሩ ትልቁ ባይት ይቀድማል፤ የእኛ ላፕቶፖች ደግሞ ትንሹን ያስቀድማሉ። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን የምታስተካክል ኤንቶህስ የምትባል ፈንክሽን ናት። ይህን አልነገርኩትም። እስክሪብቶ ሰጥቼ «ሁለቱን ቁጥሮች በሄክስ ጻፋቸው» አልኩት፤ በ16 ቤት አቆጣጠር ማለቴ ነው።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል ወረቀቱ ላይ 0050 እና 5000 ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ትንሽ አፈጠጠባቸው።

«ጋሼ፣ ተገልብጦ ነው እኮ!»

ሲኒውን ረስቶት ቀዘቀዘ።